ገጠር ያለች እናታችሁ «ደህና ነኝ» ስትላችሁ



ባለፈው ሳምንት አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ እናቴ ወግዲ ገጠር ነው የምትኖረው። በየወሩ ብር እልክላታለሁ። ስደውልላት ሁሌም ደህና ነኝ ነው የምትለኝ። ጎረቤት ስጠይቅ ግን ከግቢ ከወጣች ወራት አልፏታል አሉኝ። ምን ላድርግ?»

አጭር መልስ ልጽፍላት ጀምሬ አቃተኝ። ምክንያቱም ጥያቄው የእኔም ነው። ስለዚህ የዛሬው ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። የምትኖረው ከመካነ ሰላም ከተማ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነው፤ ቦረና ወረዳ። (የደቡቡ ቦረና እንዳይመስላችሁ፤ የወሎውን፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚያየውን ቦረና ነው የምለው።) ዕድሜዋን ስጠይቃት ቁጥር አትነግረኝም። «በ66ቱ ክፉ ቀን ሁለት ልጅ ነበረኝ» ነው መልሷ። የ1966ቱን ረሃብ አልፋለች፤ የ1977ቱንም አልፋለች። እንዲህ ያለውን ያለፈ ሰው «ደህና ነኝ» ሲላችሁ መለኪያው የእናንተ መለኪያ አይደለም። ጎተራው ውስጥ እህል ካለ፣ ከልጅ ከልጅ ልጅ የሞተ ከሌለ፣ በቃ ደህና ነው።

ደመወዝ መቀበል ከጀመርኩ ጀምሮ ብር እልክላት ነበር። በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህማ ሁለት ደቂቃም አይፈጅብኝም፤ በጎረቤት ልጅ ስልክ ይገባል፣ ልጁ በገበያ ቀን መካነ ሰላም ወጥቶ ያወጣላታል። እኔም የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ተረጋግቼ እተኛለሁ። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ሳላያት አለፈ።

ከዚያ የጎረቤት ለቅሶ ነበርና ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ስትቀዳ ጣቷን ሲኒው ውስጥ ስታስገባ አየሁ። መጀመሪያ ሲኒውን የምታጸዳ መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ቡናው የት እንደደረሰ በጣቷ እየለካች ነው። ትኩስ ቡና እኮ ነው!

«መቼ ጀመረሽ?» አልኳት።
«ምኑ?»
«ዓይንሽ።»
«እሱማ እርጅና ነው ልጄ። ለዚህ ብዬ አንተን ላስቸግር?»

ደሴ ወስጄ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አሳየኋት። የቀኝ ዓይኗ የሞራ ግርዶሽ ነበረበት፤ በኦፕራሲዮን ተነሳላት። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ «ሸበትክ እንዴ?» ነው ያለችኝ። የግራው ግን ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሕመም ይገድላል። የሞተ ነርቭ በመድኃኒትም በኦፕራሲዮንም አይመለስም። ቀደም ብላ ታይታ ቢሆን ኖሮ የነበራትን ብርሃን በጠብታ ማቆየት ይቻል ነበር። ገንዘብ አልቸገረንም። በየወሩ ደውዬ «ደህና ነሽ?» ብዬ የዘጋሁት እኔ ሐኪሙ ነኝ።

እንግዲህ ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ።

«ደህና ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ለምርመራ አይጠቅምም፤ ሰላምታ ነው፣ መልሱም ሰላምታ ነው። እኔ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ትናንት ማታ ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ? ምስር ማን ይለቅምልሻል? መርፌ ውስጥ ክር ራስሽ ታስገቢያለሽ? ቤተ ክርስቲያን (ወይም መስጊድ) ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሽው መቼ ነው? ሌሊት ስንቴ ትነሺያለሽ? ባለ ሃምሳውን ብር ከባለ ሁለት መቶው በምን ትለይዋለሽ? ምስር መልቀም ያቆመች እናት ዓይኗ መታየት አለበት። «ራት? ኧረ እኔ እንኳ አልራበኝም» የምትል ደግሞ ጥርስ፣ ሆድ፣ ኀዘን ወይም ባዶ ጎተራ አለባት፤ የትኛው እንደሆነ ማጣራት የእናንተ ሥራ ነው። በሰንበት ከቤት የማይቀር ሰው ከቀረ ደግሞ ጉልበቱ፣ ትንፋሹ፣ ዓይኑ ወይም ልቡ አንድ ነገር ሆኗል።

ዓይን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ ደጋ አረጋውያንን ከሰው የሚለየው አንዱ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። ቪዲዮ መደወል ከቻላችሁ አንድ ልጅ ከእናታችሁ ሦስት ሜትር (አራት እርምጃ ያህል) ርቆ ይቁምና ጣቱን ያሳያት። አንዱን ዓይን በመዳፏ ሸፍና ትቁጠር፣ ከዚያ ሌላኛውን። ሁለቱንም ለየብቻ መፈተን የግድ ነው፤ አክስቴ የግራው መጥፋቱን ያላወቀችው በቀኙ እያየች ስለነበር ነው። ጣት መቁጠር ካቃታት ጉዳዩ «ዘንድሮ ለበዓል ስመጣ» የሚባል አይደለም። በአንጻሩ ጣቱን ቆጠረች ማለት ዓይኗ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ግላኮማ መሐሉን እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ስለዚህ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ በተለይ በቤተሰቡ ዓይነ ስውር የሆነ ካለ፣ በዓይን ባለሙያ ይታይ።

የሞራ ግርዶሽ ኦፕራሲዮን አጭር ነው። ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ወደ ቤት ይኬዳል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ለሳምንታት ጠብታ በሰዓቱ መደረግ አለበት፣ ጭስና አቧራ መራቅ አለበት። ብቻዋን የምትኖር እናት ይህን አትችልም። አምጥታችሁ እናንተ ጋ አቆዩዋት፣ ካልሆነም ጠብታውን የሚያደርግ ሰው መድቡ።

ሌላው ትራኮማ ነው። የአማራ ክልል በአገራችን ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ወረንጦ አስረው ሲዞሩ አይታችሁ ይሆናል። ያ ወረንጦ ጌጥ አይደለም፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ስለሚወጋቸው ራሳቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ይነቅልበታል። መንቀሉ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ፀጉሩ ግን ጠንክሮ ይበቅልና ብሌኑን ይቧጭረዋል፣ ጠባሳው ደግሞ ያሳውራል። ቆቡን የማስተካከል ቀላል ኦፕራሲዮን አለ። ሥልጠና የወሰዱ የዓይን ጤና ሠራተኞች በጤና ጣቢያ ደረጃ በነጻ የሚሠሩበት ጊዜ ስላለ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። እባካችሁ ከመድኃኒት ቤት «ለዓይን» ተብሎ የተሰጣችሁን ጠብታ አትላኩ። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ቅላቱን ያጠፋና ሰውን ያስደስታል፤ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ ግን እሱ ራሱ ግላኮማም ሞራም ያመጣል።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘቡ። ብር መላካችሁን አታቁሙ፤ ግን የመጀመሪያው ብር የት ይግባ ካላችሁኝ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እላችኋለሁ። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የእኛው የደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ወረዳ አለ። የዓመቱ መዋጮ አዲስ አበባ ውስጥ ከጓደኛ ጋር አንድ ምሳ ከምትበሉበት ብዙም አይርቅም። ችግሩ መዋጮው አይደለም፣ እድሳቱ ነው። መታደሻ ጊዜ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ እህል ከገባ በኋላ። ያ ጊዜ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ደብተሩ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ደብተሩንም ፎቶ አስነስታችሁ እናንተ ዘንድ ይኑር፤ ፎቶዋ የተለጠፈበት፣ ማህተሙ የዘንድሮ መሆኑ ይታይ። ደግሞም ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀምረው። ሪፈር ሳትይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄድ ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች።

ጨርሶ መክፈል ለማይችሉ ደሃ ደሃ አባወራዎችና እማወራዎች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል፤ የሚመረጡት በቀበሌ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔትም ለጉልበት ሥራ የማይበቁ አረጋውያን ሥራ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙበት ክፍል አለው። እዚህ ላይ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ፦ «እሷማ ልጅ አላት፣ አዲስ አበባ ነው ያለው» ይባልና ስሟ ይዘለላል። ልጁ ለሦስት ዓመት ድምፁን አላሰማም፣ ወይ አረብ አገር ገብቶ ያለበት አይታወቅም፣ ወይ እሱ ራሱ የቀን ሥራ እየሠራ ነው፤ ግን መዝገብ ላይ «አለላት»። እናንተ በእውነት የማትችሉ ከሆነ ይህንን ለቀበሌ መንገር ነውር አይደለም። ካላችሁ ደግሞ በእውነት ኑሩላት።

በነገራችን ላይ ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። የአገራችን የጡረታ ሥርዓት የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኛውን ነው የሚያቅፈው፤ ገበሬ 60 ሞላው ብሎ ደብተር የሚሰጠው የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል፤ «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን አስምሩባት። እስከዚያው የገበሬ ጡረታ መሬቱና ልጁ ነው። መሬቱን ጉልበትና በሬ ያጣች እናት ለእኩል ታሰጠዋለች፤ ከምርቱ ግማሹ ይሄዳል። እናታችሁ «ዘንድሮ ጥሩ አዝመራ ነው» ስትላችሁ እሷ የምታገኘው ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

መድኃኒት ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አድቪል በትልቁ ብልቃጥ ይዞ ይመጣል፤ «ለጉልበቷ» ተብሎ ገጠር ይላካል። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው። አረጋዊ ሰው በየቀኑ ሲወስደው ጨጓራ ያደማል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በተለይ የግፊት መድኃኒቷ ኢናላፕሪል ከሆነና ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ከተጨመረበት፣ አይቡፕሮፌን ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ዳይክሎፌናክም ያው ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይሻላል፤ የጉበት ሕመም ካለባት ግን ሐኪም ሳያያት አይሆንም። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ ከታየ መድኃኒቱ ይቁም፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም።

የደም ግፊት ደግሞ ስለማያም ይረሳል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። «ሲለካ ደህና ሆነ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ደህና ያደረገውን ነገር ማቆም ነው። በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ቢያንስ የሁለት ወር መድኃኒት ቤት ውስጥ ይኑር። የመድኃኒቱን ስም አትጠይቋት፤ ማሸጊያውን ፎቶ አስነሱ።

ብርዱን አትርሱ። መካነ ሰላም ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ለጋምቦና ወደ አምባ ፈሪት ስትወጡ ደግሞ ውርጩ ሌላ ነው። አረጋዊ ሰው ብርዱን ስለማይችለው እሳት ዳር ይተኛል። እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው፤ ቤቱ መስኮት የለውም። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ እናት የሲጋራ አጫሽ ሳንባ ይዛ ትመጣለች። እህታችን የምትልከው የአንድ ወር ብር ምርጥ ምድጃና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ቢገዛ፣ ከጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ ቢከፈት፣ ሳሉ ይቀንሳል። ልብስ ወደ እሳት ገብቶ የሚቃጠሉም አሉና መኝታው ከምድጃው ራቅ ይበል።

ምግቡ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጥርስ የሌለው ሰው ቆሎ አይበላም፤ በሶ፣ አጥሚት፣ የምስር ወጥ፣ እንቁላል ይበላል። ግን ዶሮ ያላት እናት እንቁላሉን ለገበያ ነው የምታወጣው። «ከአሥሩ ሦስቱን ብይልኝ» ብላችሁ ለምኗት፤ አክስቴ የምትበላው እኔ ስለምኳት ነው እንጂ እንቁላል የልጅ ምግብ ነው ባይ ናት። መድኃኒት የምትወስድና የከሳች ከሆነ ስለ ጾም ከነፍስ አባቷ ጋር ተነጋገሩ፤ ለሙስሊሙም ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ አለው።

ከወደቀች በኋላ መቆም ያቃታት፣ አንድ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ እናት ዳሌዋ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ወጌሻ አያሻት፤ ሳትንቀሳቀስ በቃሬዛ ትውጣ። ወጌሻ የሚረዳበት ቦታ አለ፣ ዳሌ ግን የእሱ አይደለም። ለሌሊት መነሻ ባትሪ ወይም የሶላር መብራት፣ ጥሩ ምርኩዝ፣ ደጁ ላይ ያለውን ድንጋይ ማንሳት፤ መውደቅን የሚከላከለው ይሄው ነው።

ቃሬዛ ካልኩ አይቀር፦ ያንን ቃሬዛ የሚሸከመው ቅሬው ነው። አዲስ አበባ እድር የምንለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ያለበት ብዙ ነው። ቅሬ ሲቀብር አንደኛ ነው። ስትሞቱ ማንም አይቀርም። በሕይወት እያላችሁ ግን ማን በጠዋት በራችሁን እንደሚያንኳኳ የተጻፈ ደንብ የለም። ከከተማ የምንሄደውም ያው ነን። ለእናቱ ተዝካር ወይም ሰደቃ በሬ አርዶ ድንኳን የተከለ፣ እናቱ ግን ለዓመታት ሳታይ የኖረች ሰው አውቃለሁ። አልፈርድበትም፤ እኔም በአንድ ዓይን ነው ያመለጥኩት።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። የጎረቤት ልጅ አለች፤ ትምህርት ጨርሳ ቤት የተቀመጠች። በወር የተወሰነ ብር እከፍላታለሁ፣ በዘመድነት ተዋት አላልኩም። ሥራዋ የተቆጠረ ነው፦ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ገብታ ማየት፣ ውሃ መቅዳት፣ መድኃኒቱን ማስዋጥ፣ በወር አንዴ ጤና ጣቢያ ወስዳ ግፊት ማስለካትና ቁጥሩን ለእኔ መላክ። ለቅሬው ሰብሳቢም ስልኬን ሰጥቻለሁ፤ ልጅቷ የለችም ቢባል ሌላ በር እንዲኖር። ለዚያች እህታችንም የምመክራት ይህንን ነው፤ ወግዲ ላይ አንድ ሰው ፈልጊ፣ ክፈያት፣ ሥራውን ቆጥረሽ ስጫት።

ልጅቷ ሳታመነታ ልትደውልላችሁ የሚገባውንም ንገሯት። ድንገት አፍ መጣመም ወይም አንድ ጎን መስነፍ፣ ድንገት መቃዠትና ሰው አለማወቅ (በአረጋዊ የሳንባ ምችም የሽንት ኢንፌክሽንም ያለ ትኩሳት በዚህ ነው የሚጀምረው)፣ ተቀምጦ መተንፈስ፣ ለአንድ ቀን ምንም አለመጠጣት፣ ዓይን በድንገት ቀልቶ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር ማየት መቀነስ። እነዚህ ቀጠሮ አይጠብቁም። ቀስ በቀስ የሚመጣ መርሳትና ዝምታ ደግሞ ሁሉ «መጃጀት» አይደለም፤ አንዳንዱ ጆሮ ውስጥ የደረቀ ኩክ ነው፣ አንዳንዱ ድብርት ነው፣ ሁለቱም ይታከማሉ።

እህቴ፣ ለበዓል ልትሄጂ እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድመሽ ድረሺ። በበዓል ቀን ጤና ጣቢያው ተረኛ ብቻ ነው ያለው፣ ሪፈርም አይጻፍም፣ የመድህን ጽሕፈት ቤቱም ዝግ ነው። የመጀመሪያውን የሥራ ቀን ለጤና ጣቢያና ለሪፈር፣ ሁለተኛውን ለመድህን ደብተሩ ያዢው። ጣት የማስቆጠሩን ፈተና ግን በደረስሽበት ማታ፣ ቡናው ሲፈላ አድርጊውና ውጤቱን ለሁለቱም ዓይን ለየብቻ ጻፊልኝ፤ ከዚያ የት መሄድ እንዳለባችሁ አብረን እናያለን።